ድቡልቡሉ አስኳል እንዴት ይሽከረከራል?



የዚህ ምሽት አዘጋጆች ስለ ሙያዬ እንድናገር ሲጋብዙኝ አንድ ቃል አስገብተውኛል፤ ሰሌዳው ላይ ቀመር እንዳልጽፍ። በደስታ ተቀብያለሁ። የማወራው ነገር ያለ ቀመርም ይገባል ብዬ አምናለሁ። በቀመር ፋንታ አንድ የልጆች ኳስ፣ አንድ ሞላላ ሐብሐብና አንድ የልብስ ሰፊ መቀስ ይዤ መጥቻለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ይታዩአችኋል።

የዛሬው ርእሴ ማግኔታዊ ሽክርክሪት ይባላል። የአቶም አስኳል ድቡልቡል ከሆነ አይሽከረከርም ተብሎ ሲታመን ቆይቶ፣ እንዴት ሲሽከረከር እንደተገኘና እውነትነቱ በምን እንደተረጋገጠ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ጋማ ጨረር ከየት እንደሚመጣ እናያለን። ከዚያ ኳሱ ለምን እንደማይዞር፣ ከዚያ መቀሱን፣ ከመቀሱ በኋላ ልኬቱን። በስተመጨረሻ መካከለኛ ክብደት ወዳላቸው አስኳሎች፣ ወደ ካድሚየምና ወደ ኒኬል እንሄዳለን። እስከዚያው ግን አንዲት ነገር ያዙልኝ፤ ማምሻውን ደጋግሜ እላታለሁ፦ መልክ ብቻውን አይመሰክርም፤ የሚመሰክረው ዕድሜ ነው። ምን ማለቴ እንደሆነ ስንደርስበት ይገባችኋል።

እንግዲህ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ልነሣ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ዘመድ ወይም ጎረቤት ለካንሰር ሕክምና እዚያ ያደረሰ ሰው አይጠፋም። ሆስፒታሉ ለብዙ ዓመታት በሽተኞችን በጨረር ያከመበት ማሽን ልቡ ኮባልት 60 ነበር። ጨረሩ ከኮባልቱ በቀጥታ የሚወጣ ይመስለናል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ኮባልቱ መጀመሪያ አንድ ኤሌክትሮን ይተፋና ሌላ ንጥረ ነገር ይሆናል፤ ኒኬል 60። አዲስ የተወለደው ኒኬል አይረጋጋም፤ ጉልበት ተርፎታል። ትርፉን በሁለት እርምጃ ያወርደዋል። የመጀመሪያው እርምጃ 1173፣ ሁለተኛው 1332 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። በሽተኛው ገላ ላይ የሚያርፉት ጋማ ጨረሮች እነዚህ ሁለት እርምጃዎች ናቸው። ስለዚህ የኮባልት ጨረር እያልን የምንጠራው፣ በትክክል ከተናገርን፣ የኒኬል ጨረር ነው።

ጋማ ጨረር ማለት ይኸው ነው። አስኳል ከላይኛው ደረጃ ወደ ታችኛው ሲወርድ የሚያወጣው ብርሃን ነው፤ ጉልበቱ ዓይናችን ከሚያየው ብርሃን በመቶ ሺዎች ጊዜ ይበልጣል። የደረጃዎቹ ከፍታ ደግሞ ለእያንዳንዱ አስኳል የራሱ ነው፤ የኒኬል ደረጃ የእርሳስን አይመስልም። ጋማ ስፔክትሮስኮፒ የምንለው ሙያ የእያንዳንዱን እርምጃ ቁመት እየለኩ ደረጃውን መልሶ መሥራት ነው። ወደማይታይ ቤት የገባ ሰው ኮቴውን ብቻ እየሰሙ የቤቱን ደረጃ በወረቀት እንደ መሣል ነው። 1332 የምትለዋን ቁጥር አትርሱብኝ፤ ትመለሳለች።

አሁን ወደ ኳሱ። ይህ ኳስ ስፌት የለውም፣ ጽሑፍም የለበትም። ዓይናችሁን ጨፍኑ ብያችሁ ባዞረው፣ ስትገልጡ ዞሯል ወይስ አልዞረም ብላችሁ ልትፈርዱ አትችሉም። እኔ ግን ስላዞርኩት አውቃለሁ፤ በእኛ ዓለም አንዲት የአቧራ ቅንጣት እንኳ ትመሰክራለች። በአስኳል ዓለም እንዲህ ያለ የተደበቀ ምስክር የለም። የኳንተም ሜካኒክስ ሕግ ጥብቅ ነው፤ አንድ ነገር ከዞረ በኋላ ከበፊቱ ፈጽሞ የማይለይ ከሆነ፣ አልታወቀም አንልም፤ ጭራሹኑ አልዞረም እንላለን። ፍጹም ድቡልቡል የሆነ አስኳል እንደ አንድ አካል ሆኖ በመሽከርከር ጉልበት ሊይዝ አይችልም።

ሐብሐቡን ግን ተመልከቱ። ሞላላ ስለሆነ ሳዞረው ጫፉ ወዴት እንደዞረ ከኋላ ወንበር ይታያል። አስኳልም ሞላላ ከሆነ ይሽከረከራል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ብዙ አስኳሎች ሞላላ መሆናቸውንና እንደሚሽከረከሩ ያስረዱት ኦገ ቦር፣ ቤን ሞተልሰንና ጄምስ ሬይንዋተር በ1975 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። የሞላላ አስኳል ሽክርክሪት በስፔክትረም ላይ ሲታይ ያምራል፤ መስመሮቹ በእኩል ርቀት እንደ ሚዶ ጥርስ ይደረደራሉ። አስኳሉ ፍጥነቱን እየቀነሰ ሲወርድ፣ የሚቀጥለው ጋማ ከበፊቱ በተመሳሳይ መጠን እያነሰ ይሄዳል። ከሁሉ የከበረው ሚዶ የተገኘው እንግሊዝ አገር ዳርስበሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ በ1986 ነበር። ፒተር ትዊንና ባልደረቦቹ ዲስፕሮሲየም 152 ውስጥ ወደ 20 የሚጠጉ መስመሮችን አገኙ፤ በየመካከላቸው 47 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ልዩነት፣ ከዳር እስከ ዳር ሳይዛነፍ። ያ አስኳል ርዝመቱ የወርዱን እጥፍ ያህል ነበር።

ሐብሐቡን ሳላስቀምጥ አንድ ነገር ላሳያችሁ፤ በኋላ ቁልፍ ይሆናልና። ግማሽ ዙር አዞርኩት፤ የቀኙ ጫፍ ወደ ግራ መጣ። ከበፊቱ ምን ተለየ? ምንም። ሞላላ ነገር ሙሉ ዙር ሳይጨርስ ገና በግማሹ ራሱን ይመስላል። በዚህ ምክንያት ሞላላ አስኳል የሽክርክሪት ደረጃውን የሚወርደው ሁለት ሁለት እየዘለለ ነው፤ 20፣ 18፣ 16 እያለ። ጨረሩም የኤሌክትሪክ ዓይነት ነው፣ የተዛባው የኤሌክትሪኩ ቅርጽ ነውና።

ሚዶ የታየበት ሁሉ ሞላላ አስኳል አለ የሚለው እምነት በዚህ መንገድ ሥር ሰደደ። ማንም አልተሳሳተም፤ ለአርባ ዓመት ያህል እውነት ሆኖ ሲሠራ የነበረ እምነት ነው።

እምነቱን የነቀነቀው እርሳስ ነው። እርሳስ ስል መጻፊያውን ሳይሆን ከባዱን ብረት ነው። እርሳስ 82 ፕሮቶኖች አሉት፤ 82 ደግሞ በእኛ ሙያ «አስማተኛ ቁጥር» ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ቤቱ ሞልቶ የተዘጋበት ቁጥር። ቤቱ የሞላ አስኳል ድቡልቡል ነው ወይም ለድቡልቡልነት በጣም ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲሶቹ ትልልቅ የጋማ መመርመሪያዎች ወደ እርሳስ አይሶቶፖች፣ በኒውትሮን ብዛት ብቻ ወደሚለያዩት የእርሳስ ዓይነቶች ሲዞሩ፣ እርሳስ 198 እና 199 ውስጥና በአካባቢያቸው ያልተጠበቀ ነገር ታየ፤ የተስተካከሉ ሚዶዎች። ሞላላነት በሌለበት ቤት የሞላላ ፊርማ ተገኘ ማለት ነው።

በጥንቃቄ የተመለከቱት ሰዎች ግን ሁለት ልዩነት አስተዋሉ። አንደኛው፣ ጨረሩ በአብዛኛው ማግኔታዊ ነው፤ የሞላላነት ምልክት የሆነው የኤሌክትሪክ ጨረር እጅግ ደካማ ነው። ሁለተኛው፣ ደረጃው አንድ በአንድ ይወርዳል እንጂ ሁለት ሁለት አይዘልም። ሐብሐቡን አስታውሱ፤ አንድ በአንድ የሚወርድ ነገር ግማሽ ዙር ሲዞር ራሱን የማይመስል ነገር መሆን አለበት። ሞላላ ቅርጽ ይህን አያሟላም። ቀስት ግን ያሟላል። ቀስትን ግማሽ ዙር ብታዞሩት ጫፉ ወደ ተቃራኒው ይጠቁማል፤ ከበፊቱ ጋር ፈጽሞ አይምታታም። ታዲያ በድቡልቡል አስኳል ውስጥ የሚዞረው ቀስት ምንድን ነው?

መልሱን እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረበው ድሬስደን አጠገብ ሮሰንዶርፍ በሚገኘው የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው የንድፈ ሐሳብ ሊቅ ስቴፋን ፍራውንዶርፍ ነው። መቀሱን የማነሣው አሁን ነው።

እርሳስ 198ን እንውሰድ። አብዛኞቹ ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ የሌላውን ሽክርክሪት ይሽራሉ፤ ድቡልቡልና ጸጥ ያለ እምብርት ይሠራሉ። ከጸጥታው ውጭ የሚቀሩት ጥቂቶች ናቸው። ሁለት ፕሮቶኖች ከተዘጋው ቤት ወጥተው ከፍ ባለ ምህዋር ይዞራሉ። በኒውትሮኖቹ በኩል ደግሞ ሁለት ባዶ ቦታዎች አሉ፤ እኛ ቀዳዳ እንላቸዋለን። የሁለቱን ወገኖች ሽክርክሪት በቀስት እንወክል። ቀስቱን እንደ እንዝርት ዘንግ አስቡት፤ ጥጡ በዙሪያው ይሽከረከራል፣ ዘንጉ አቅጣጫውን ይነግረናል። በኳንተም የሽክርክሪት መለኪያ የፕሮቶኖቹ ቀስት 11፣ የኒውትሮን ቀዳዳዎቹ ቀስት 12 ያህል ይረዝማል። እነዚህ ሁለት ቀስቶች የመቀሱ ሁለት ስለቶች ናቸው።

በታችኛው ደረጃ ላይ መቀሱ እንዲህ ተከፍቷል፤ እንደ መጽሐፍ ጥግ፣ 90 ዲግሪ። የፓይታጎራስን ሕግ የሚያስታውስ ተማሪ 11ን እና 12ን በዚህ ማዕዘን ሲደምር 16 ገደማ ያገኛል። አሁን ቀስ እያልኩ ልዝጋው። ስለቶቹ ተቀራረቡ፤ ድምሩ 17፣ 18፣ 19 እያለ አደገ። ፈጽሞ ሲዘጋ ሁለቱ ቀስቶች አንድ አቅጣጫ ይይዛሉ፤ 11 እና 12 ተደምረው 23 ይሆናሉ። ከ16 እስከ 23 ያለው ጭማሪ ከየት መጣ? እምብርቱ ዞሮ አይደለም። አዲስ ነገርም አልገባም። መቀሱ ስለተዘጋ ብቻ ነው።

መዝጋቱ ግን ዋጋ አለው። መካከሉ ላይ ሞላ ያለበትን መቀስ አስቡ፤ ስትጨብጡት ይዘጋል፣ ስትለቁት ራሱ ይከፈታል። በአስኳሉ ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖችና የኒውትሮን ቀዳዳዎችም በመካከላቸው ባለው ኃይል ምክንያት 90 ዲግሪ ላይ መቆም ይመርጣሉ። ስለዚህ መቀሱ በተዘጋ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል። ሞላው በተለቀቀ ቁጥር ደግሞ አስኳሉ አንድ ደረጃ ወርዶ ጋማ ያወጣል። ሚዶው የተሠራው እንዲህ ነው።

ማግኔቱስ? ፕሮቶን ኤሌክትሪክ ስለተሸከመ ሲዞር እንደ ሽቦ ጥቅል ማግኔት ይሆናል። ኒውትሮን ኤሌክትሪክ የለውም፤ ግን በተፈጥሮው ማግኔትነት አለው፣ አቅጣጫውም ከራሱ ሽክርክሪት ተቃራኒ ነው። መቀሱ ሲከፈት የፕሮቶኖቹ ስለት ወደ አንድ ጎን፣ የኒውትሮኖቹ ወደ ሌላው ጎን ይወጣል። የኒውትሮኖቹ ማግኔት ተገልባጭ በመሆኑ ግን ሁለቱ ማግኔቶች ወደ ጎን ሲታዩ አይጣሉም፤ ይተጋገዛሉ። ከዋናው ዘንግ ወደ ጎን የተዘረጋ ትልቅ የማግኔት ቀስት ይፈጠራል፤ ይህ ቀስት በዘንጉ ዙሪያ ይሽከረከራል። ስንፈልገው የነበረው ቀስት ይኸው ነው። አስኳሉ ድቡልቡል ነው፤ የሚሽከረከረው ማግኔቱ ነው። ስሙም ማግኔታዊ ሽክርክሪት የተባለው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህ ታሪክ ውብ ነው፤ እኔም መጀመሪያ ስማረው ሌሊቱን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ውበቱ ግን እውነት አያደርገውም። ሚዶውን የሚያብራራ ሌላ ታሪክ ሊኖር ይችላል፤ ያን ጊዜም ክርክር ነበር። መልክ ብቻውን አይመሰክርም ያልኩት ለዚህ ነው። አንድ ሐሳብ ራሱን ለአደጋ የሚያጋልጥበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ካልሆነ ልሙት የሚልበት ቦታ። የመቀሱ ሐሳብ ይህ ቦታ አለው።

እዩልኝ። መቀሱ ሲከፈት ወደ ጎን የሚወጣው የማግኔት ቀስት ትልቅ ነው። ሲዘጋስ? ወደ ጎን የሚወጣ ነገር አይቀርም፤ ቀስቱ ያጥራል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። ስለዚህ ከላይኛው ደረጃ ስንጀምር ማግኔታዊው ጨረር ደካማ፣ ወደ ታች ስንወርድ ብርቱ መሆን አለበት። ሐብሐቡ ይህን አያደርግም፤ ፈጥኖም ቢዞር ዘግይቶም ቢዞር ሞላላነቱ ስለማይለወጥ የጨረሩ ብርታት ከደረጃ ደረጃ ብዙም አይለዋወጥም። የጨረሩን ብርታት ማወቅ ደግሞ አስኳሉ በየደረጃው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ማወቅ ነው። ጨረሩ ብርቱ ከሆነ ቶሎ ይወርዳል፤ ደካማ ከሆነ ይቆያል። የጋማው ጉልበትም በፍጥነቱ ላይ ድርሻ አለው፤ እሱ ተለክቶ የታወቀ ስለሆነ በስሌት ይወጣል። የቀረው ዕድሜን መለካት ነው።

ዕድሜው ግን ከሰከንድ ትሪሊዮንኛ ያነሰ ነው። ይህን የሚለካ ሰዓት የለም። ታዲያ እንዴት ይለካል? በእኔ አስተያየት የሙያችን ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ኦክሲጅን 18ን በቅንጣት ማፍጠኛ አፍጥነን ተንግስተን 186 ላይ እንልካለን። ሁለቱ ሲዋሃዱ እርሳስ 204 ይሆናሉ። የጋለው አስኳል ስድስት ኒውትሮኖችን እንደ እንፋሎት ይለቃል፤ እርሳስ 198 ይቀራል። ይህ አዲስ አስኳል የተመታበትን ግፊት ይዞ ወደ ፊት ይበራል፤ ፍጥነቱ የብርሃን ፍጥነት አንድ ከመቶ ገደማ ነው። ከዒላማው ጀርባ ወፍራም ብረት ስላለ ግን ሩቅ አይሄድም፤ በሰከንድ ትሪሊዮንኛ ገደማ ውስጥ ቀስ በቀስ ይቆማል። የአምቡላንስን ድምፅ አስቡ። ወደ እናንተ ሲመጣ ይቀጥናል፣ ሲቆም የራሱ ድምፅ ይሆናል። አስኳሉም እየበረረ ሳለ ጋማውን ካወጣ ከፊቱ ያለው መመርመሪያ ከፍ ያለ ጉልበት ያነባል፤ 1000 የነበረው 1010 ይሆናል። ከቆመ በኋላ ካወጣው 1000ው 1000 ነው። ፍጥነቱ እየቀነሰ ሳለ ካወጣው በመካከሉ ይወድቃል። ስለዚህ የመስመሩ ቅርጽ፣ ወዴት እንዳዘነበለና ምን ያህል ጅራት እንዳለው፣ አስኳሉ መቼ እንደተኮሰ ይነግረናል። ብሬኩ ራሱ ሰዓት ሆነ ማለት ነው።

1000ን ከ1010 መለየት ግን የጠራ ዓይን ይጠይቃል። 1332 የምትመለሰው እዚህ ነው። በዓለም ላይ የሚሠራ የጀርመኒየም መመርመሪያ ጥራቱ የሚነገረው በዚያው የኮባልት መስመር ነው፤ በ1332 ላይ ጥሩ መመርመሪያ ሁለት ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ልዩነት ይለያል። በካንሰር ሕክምና ያወቅነው ጨረር የእኛ ሜትር ነው። ጋማስፌር የተባለው መሣሪያ እስከ 110 የሚደርሱ እንዲህ ያሉ መመርመሪያዎችን በአንድ ዒላማ ዙሪያ ይደረድራል፤ በ1990ዎቹ በበርክሌይ ተሠርቶ በኋላ ቺካጎ አጠገብ ወዳለው አርጎን ቤተ ሙከራም ተጉዟል። ብዛቱ የሚጠቅመው ከአንድ አስኳል በአንድ ጊዜ የወጡ ጨረሮችን አብሮ ለመያዝ ነው። አብረው የወጡት የአንድ መሰላል ልጆች ናቸውና ከሺህ ዓይነት ጫጫታ መካከል ተለይተው ይወጣሉ።

በዚህ መሣሪያ የእርሳስ 198 እና 199 ዕድሜዎች ተለኩ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ታተመ። የማግኔታዊው ጨረር ብርታት ከታች ወደ ላይ ሲሄድ እየወረደ ነበር፤ መቀሱ ሲዘጋ መሆን እንዳለበት። ሐሳቡ ራሱን ለአደጋ አጋለጠ፤ ተፈተነ፤ ቆመ። ዕድሜ መሰከረ።

አሁን ወደ መካከለኛ ክብደት አስኳሎች እንውረድ። ከ1997 በኋላ የነበረው ትልቅ ጥያቄ ይህ የእርሳስ አካባቢ ልዩ ጠባይ ነው ወይስ የተፈጥሮ ልማድ የሚል ነበር። አስማተኛ ቁጥሮቹን ማሪያ ጎፐርት ማየርና ሃንስ የንሰን በ1949 አብራርተዋቸው በ1963 ተሸልመውባቸዋል፤ ከ82 በታች 50 አለ፣ ከ50 በታች 28 አለ። መቀሱ ሁለት ነገር ብቻ ይፈልጋል፦ ለድቡልቡልነት የቀረበ እምብርትና ከፍ ባለ ምህዋር የሚዞሩ ጥቂት ትርፍ ቅንጣቶች። እነዚህ በየአስማተኛ ቁጥሩ ጎን ይገኛሉ። ተፈለገ፤ ተገኘም። በ50 ፕሮቶኖች አካባቢ ቆርቆሮ፣ ኢንዲየምና ካድሚየም ውስጥ፤ በ82 ኒውትሮኖች አጠገብ ሳማሪየም ውስጥ። በ1999 ደግሞ ሩቢዲየም 82 እና 84 ውስጥ።

እዚህ ሠፈር ሚናው ይገለበጣል። በእርሳስ ፕሮቶኖቹ ቅንጣት፣ ኒውትሮኖቹ ቀዳዳ ነበሩ። በካድሚየም አካባቢ ቤቱ ገና ስላልሞላ ቀዳዳው በፕሮቶን በኩል ነው፤ ቅንጣቱ ኒውትሮን ነው። መቀሱ ግን ያው መቀስ ነው፤ ስለቶቹ ብቻ ተለዋወጡ።

ከሁሉም የማደንቀው ካድሚየም 106 ነው። ካድሚየም 48 ፕሮቶኖች አሉት፤ 50 ሊሞላ ሁለት ቀርቶታል። የሁለቱ ቀዳዳዎች ቀስቶች ተቃራኒ ጎን ይይዛሉ፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ። የኒውትሮኖቹ ቀስት በመካከላቸው ይቆማል። ይህ አንድ መቀስ አይደለም፤ ጀርባ ለጀርባ የተጋጠሙ ሁለት መቀሶች ናቸው። ሁለቱም እኩል ወደ መካከል ሲዘጉ ሽክርክሪቱ ያድጋል። ማግኔቱ ግን? የግራው የቀኙን ይሽራል፤ ወደ ጎን የሚወጣ ማግኔት የለም። ማግኔታዊ ጨረርም የለም። ግማሽ ዙር ብታዞሩትስ? ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል፤ እንደ ሐብሐቡ ራሱን ይመስላል። ስለዚህ ደረጃው ሁለት ሁለት ይዘላል። ፍራውንዶርፍ ፀረ ማግኔታዊ ሽክርክሪት ብሎታል።

አደጋውን እዩት። ሁለት ሁለት እየዘለለ በኤሌክትሪክ ጨረር የሚወርድ መሰላል፣ በመልኩ የሞላላ አስኳል መሰላል ነው። ዓይን ብቻ ቢፈርድ ሐብሐብ ነው ይላል። የሚለያቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለቱ መቀሶች እየተዘጉ ሲሄዱ በአስኳሉ ላይ የቀረችው ትንሽ ሞላላነት ትቀንሳለች፤ የኤሌክትሪክ ጨረሩም ይዳከማል። በ2003 በጋማስፌር የተለካው የካድሚየም 106 ደረጃዎች ዕድሜ ይህንኑ መዳከም አሳየ። እንደገና ዕድሜ መሰከረ።

ከካድሚየም ወደ ኒኬል ስንወርድ ነገሩ ይከብዳል። ለምን? ስለቶቹ ያጥራሉ። በኒኬል አካባቢ የፕሮቶን ቀዳዳው ቀስት ሦስት ተኩል፣ የኒውትሮኑ አራት ተኩል ነው። ሁለቱን ብቻ ብንቆጥር ተከፍተው ስድስት ያህል፣ ተዘግተው ስምንት ይሆናሉ፤ መቀሱ በሁለት እርምጃ ያልቃል። ሌሎች ቅንጣቶች መጨመር አለባቸው፤ ሲጨመሩ እምብርቱም አብሮ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ መቀሱና ሐብሐቡ በአንድ ቤት ይደባለቃሉ። መካከለኛዎቹ አስኳሎች ከእርሳስ የበለጠ የሚያስተምሩን በዚህ ይመስለኛል። እርሳስ የጠራ ምሳሌ ነው፤ ኒኬልና ሩቢዲየም ግን አንዱ ሽክርክሪት የት አብቅቶ ሌላው የት እንደሚጀምር የሚታይባቸው ድንበሮች ናቸው። እዚህ አጭር ሚዶ አይቶ መፍረድ አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ማግኔታዊ ሽክርክሪት የሚታይባቸው መሰላሎች እንደተገኙበት የታተመው የኒኬል አስኳል የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኒኬል 60። ጥቁር አንበሳ ከነበረው ኮባልት የሚወለደው፣ 1332ን የሚተኩሰው ያው ኒኬል። በሽተኛው ላይ ከሚያርፉት ሁለት እርምጃዎች በላይ፣ በዚያው ቤት ሰገነት ላይ፣ መቀሶች ሲከፈቱና ሲዘጉ ኖረዋል።

ይህ ምን ይጠቅማል የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ነገ ጠዋት እንጀራ አያበዛም። ቁስ ነገር ሁሉ የተሠራበት አስኳል ጉልበትን እንዴት እንደሚይዝና እንደሚለቅ ማወቅ ግን ለእኔ በራሱ በቂ ምክንያት ነው። ለሀብታም አገር ብቻ የተተወ ሥራም አይደለም። ከኬፕታውን ወጣ ብሎ ባለው ኢቴምባ ቤተ ሙከራ አፍሮዳይት የሚባል የጋማ መመርመሪያ ስብስብ አለ፤ አፍሪካውያን ወጣቶች የአስኳልን ሽክርክሪት ያጠኑበታል። ሕንዶች ደግሞ ብሔራዊ የጋማ መመርመሪያቸውን እንደ ጽዋ ማኅበር ከቤት ቤት ያዞሩታል፤ ሙምባይ፣ ዴልሂ፣ ኮልካታ እየተፈራረቁ ያስተናግዱታል። የካድሚየም አይሶቶፖችን ፀረ ማግኔታዊ ሽክርክሪት ከመረመሩት መካከል እነሱ ይገኙበታል። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን የማይችለውን ተጋርተው ቻሉት። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎችም ከዚህ እንዲማሩ በዚህ አጋጣሚ አደራ እላለሁ።

ለተማሪዎቹ ደግሞ የግሌ ጥያቄ አለኝ። የአስኳሎች ሁሉ የደረጃ ሠንጠረዥ በአሜሪካ ብሩክሄቨን በሚገኘው ብሔራዊ የኒውክሌር መረጃ ማዕከል በነጻ ተቀምጧል፤ ስልክ ያለው ሁሉ ሊከፍተው ይችላል። ዛሬ ማታ ካድሚየም 106ን ክፈቱ። አንዱን መሰላል ምረጡና የጋማዎቹን ጉልበት በወረቀት ጻፉ፤ እያንዳንዱን ከሚቀጥለው ቀንሱ። ሚዶው በእጃችሁ ይወጣል። ሐብሐብ ነው ወይስ መቀስ ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ግን አጠገቡ ያለውን ዓምድ ተመልከቱ፤ የደረጃው ዕድሜ ከተለካ የተጻፈው እዚያ ነው።